ድርሰቱ የማን ነው? በበይነ መረብ ትምህርት ስለሚፈጸም ኩረጃ የቀረበ ዳሰሳ

ትምህርት በመምህርና በደቀ መዝሙር መካከል የሚቆም ኪዳን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ መምህሩ የሚያውቀውን ሳይሰስት ሊሰጥ፣ ደቀ መዝሙሩም የተቀበለውን በገዛ አእምሮው አብስሎ የራሱን ፍሬ ሊያሳይ ይገባዋልና። ይህ ኪዳን ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት በሚተያዩበት ጉባኤ እንኳ ሲፈርስ የኖረ ሲሆን፣ በእኛ ዘመን መምህሩ በአንድ ከተማ፣ ተማሪውም በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ጠባይ ሳያውቅና ድምፁን ሳይለይ በኮምፒዩተር መስኮት ብቻ የሚገናኙበት ትምህርት በመስፋፋቱ፣ ተማሪው ያቀረበው ድርሰት በእርግጥ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ከብዶ ተነሥቷል።

ጥያቄው የዓለም ሁሉ ቢሆንም በእስራኤል፣ በአሽዶድ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል የራሱ ክብደት አለው። አሽዶድ በ1956 እ.ኤ.አ. በአሸዋ ላይ የተቆረቆረች፣ ሰፈሮችዋም በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተሰየሙ፣ ከብዙ አገር በዓሊያ (ወደ እስራኤል በሚደረግ የአይሁድ ፍልሰት) የመጣ ሕዝብ የተሰበሰበባት የወደብ ከተማ ናት፤ እኔ የምኖርበት ሮቫ ቴት ቫቭም ከእነዚህ ሰፈሮች አንዱ ነው። በዚህም ሆነ በሌሎቹ ሮቫዎች፣ ወላጆቻቸው በ1984 በሱዳን በኩል በእግራቸው ተጉዘው፣ ወይም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን ተጭነው የመጡ ልጆች፣ የጦር አገልግሎታቸውን ፈጽመው፣ ቀን ሠርተው፣ ማታ ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ይማራሉ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ዲግሪ ማለት የአንድ ልጅ እንጀራ ብቻ ሳይሆን የአንድ ትውልድ ድካም ምስክር ነው፤ ስለዚህም ምስክሩ እውነተኛ ይሆን ዘንድ ልንቆረቆር ይገባናል።

ኩረጃ ስንል ብዙዎች የሚያስቡት የጎረቤትን ወረቀት አጮልቆ ማየትን ነው፤ ነገሩ ግን ብዙ መልክ አለው። የመጀመሪያው የሌላውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ በራስ ስም ማቅረብ ሲሆን፣ ይህ ግልጽ ስለ ሆነ ለመያዝም ይቀልላል። ሁለተኛው ቃላቱን ብቻ እየለወጡ አሳቡንና አሰካኩን መውሰድ ነው፤ ይህን በምሳሌ ለማስረዳት እኔው ራሴ አንድ ዐረፍተ ነገር ላቀናብር። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ «የአሽዶድ ወደብ በ1965 ከተከፈተ ወዲህ በአሸዋ ላይ የነበረችው ትንሽ መንደር ታላቅ ከተማ ሆነች» የሚል ተጽፎ ነበር እንበል፤ ተማሪው ደግሞ «የአሽዶድ የመርከቦች ማረፊያ በ1965 ሥራ ከጀመረ በኋላ አሸዋማ ሥፍራ ላይ የነበረችው አነስተኛ ሰፈር ትልቅ ከተማ ለመሆን በቃች» ብሎ ያቀርባል። አንድም ቃል እንዳለ አልወሰድሁም ብሎ ሊምል ይችላል፤ ሆኖም አሳቡን የወለደው፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር ያገናኘው፣ ዓመቱንም ፈልጎ ያገኘው ሌላ ሰው ነው። «እገሌ የተባለው ጸሓፊ የከተማይቱን ዕድገት ከወደቡ መከፈት ጋር ያያይዘዋል፤ እኔ ግን የስደተኞቹ ብዛት ይበልጥ የከበደ ምክንያት ይመስለኛል» ቢል ኖሮ ባለዕዳነቱን ገልጾ የራሱንም ድርሻ ባስከበረ ነበር።

ሦስተኛው መልክ ጽሑፍን በገንዘብ መግዛት ነው፤ አራተኛው አንዱ በሌላው ስም ገብቶ መማርና መፈተን ነው፤ አምስተኛውና የቅርብ ጊዜው ደግሞ ቻትጂፒቲን የመሰለው ማሽን የጻፈውን የራስ አድርጎ ማቅረብ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው በደል አንድ ነው፤ ይኸውም አንባቢው ይህን ያሰበው እገሌ ነው ብሎ እንዲያምን በሐሰት ማድረግ ነው።

ከዘመኑ ወሬ በፊት የቀደሙት አባቶቻችን ይህን ነገር እንዴት ይዘውት እንደ ነበረ መመልከት ይጠቅማል፤ አንዳንዶች ኢትዮጵያዊ ትምህርት የቃል ጥናት ብቻ ስለ ሆነ ልጆቻችን መገልበጥን እንደ ነውር አያዩትም ይላሉና። በእርግጥም በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አንደበት የወጣውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በቃሉ ይይዛል፤ ቁም ጸሓፊውም ዳዊቱን ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ብትዘልበት ታላቅ ስሕተት ነው። በቤተ እስራኤልም ዘንድ ለቅስና የታጨው ልጅ ከመምህሩ ጋር እየኖረ ኦሪቱንና ጸሎቱን በግእዝ ይቀበል ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ማንም ሰው ዳዊትን እኔ ደረስሁት አላለም፤ መገልበጡ አገልግሎት ነበረ እንጂ ስርቆት አልነበረም።

ከዚያ አልፎ ወደ ቅኔ ቤት የገባው ተማሪ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ሕግ ይጠብቀዋል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው የቅኔ ጉባኤ፣ ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ወይም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን፣ ዋዜማንና ሥላሴን፣ ዘይእዜንም እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ያቀርባል። ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የጓደኛውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤው መካከል ያፍራል። ኩረጃን የሚከለክለው የመምህሩ ዐይን ጠባቂነት ብቻ አልነበረም፤ መምህሩ ያ ልጅ ትናንት ምን ያህል እንደ ቻለ ያውቃል፤ በአንድ ሌሊት ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ ቢዘል «ይህን ግስ ለምን በዚህ አገባህ? ሰሙ ይህ ከሆነ ወርቁ ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ የራሱ ያልሆነውም መልስ ያጣል። እንግዲህ በባህላችን ውስጥ የራስን ድርሰት ከሰው ድርሰት የሚለይ ጽኑ ሥርዐት እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን፤ ይህም ሥርዐት በትውውቅ፣ በዕለት ተዕለት ሥራና በቃል ምርመራ ላይ የቆመ ነበር።

አሁን ወደ ዓለሙ ስንመለስ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኮርሴራና ኤድኤክስ የተባሉት ታላላቅ የበይነ መረብ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በአንድ ኮርስ ሲመዘገቡ፣ ወደ ጠረፍ ሁሉ ዕውቀት የሚደርስበት ዘመን መጣ ተብሎ ታላቅ ተስፋ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት በኮርሴራ የሥነ ጽሑፍ ኮርሶች ውስጥ፣ በተለይም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው መምህር ኤሪክ ራብኪን ያስተምሩት በነበረው ኮርስ፣ ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን ድርሰት ሲያርሙ ከዊኪፔድያና ከሌላም ሥፍራ የተገለበጡ ጽሑፎችን እያገኙ አቤቱታ አቀረቡ። የሚያስደንቀው ትምህርቱ በነጻ የሚሰጥ፣ የዩኒቨርሲቲ ማዕርግም የማያስገኝ የነበረ መሆኑ ነው፤ ተማሪው የሚያተርፈው ዕውቀት ብቻ በነበረበት ቦታ እንኳ ዕውቀቱን ትቶ መልኩን መረጠ። ኮርሴራም ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሥራውን ባቀረበ ቊጥር የክብር ቃሉን እንዲያድስ አደረገ።

በ2015 ደግሞ የሃርቫርድና የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች 1.9 ሚሊዮን ተሳታፊዎች የነበሩባቸውን 115 ኮርሶች መርምረው፣ አንዳንድ ተማሪዎች ሁለት ስም አውጥተው በአንደኛው መልሱን ሲለቅሙ በሌላው ትክክለኛውን እያስገቡ ሰርተፊኬት እንደሚወስዱ አስታወቁ። በዚህ መንገድ ተወሰዱ ብለው የገመቷቸው ሰርተፊኬቶች 1,237 ሲሆኑ፣ ይህም ድርጊቱ በታየባቸው 69 ኮርሶች ከተሰጠው ሰርተፊኬት 1.3 ከመቶ ነው። ቍጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 20ና ከዚያ በላይ ሰርተፊኬት ከሰበሰቡት ሰዎች መካከል ሩቡ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅመው መገኘታቸው፣ ወረቀት መሰብሰብ ራሱ ግብ ሲሆን ሕሊና እንዴት እንደሚደክም ያሳያል።

በእስራኤል በርቀት ማስተማርን ከሁሉ አስቀድሞ የያዘው በ1974 ተመሥርቶ በ1976 ትምህርት የጀመረው ክፍት ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ተቋም ለመጀመሪያ ዲግሪ የባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ወይም የፕሲኮሜትሪ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ) ፈተና ውጤት ሳይጠይቅ በሩን በመክፈቱ፣ በሌላው በር መግባት ላልቻሉ ብዙ ወጣቶች ታላቅ ውለታ ውሏል። ተማሪው በየጊዜው ማማን የሚባለውን የቤት ሥራ ጽፎ ለመምህሩ ይልካል፤ በመጨረሻም በአዳራሽ ውስጥ ተቈጣጣሪ ባለበት ይፈተናል። ማማኑ ቤት ስለሚሠራ ለኩረጃ የተጋለጠ ቢሆንም፣ የአዳራሹ ፈተና ግን ያልተማረውን ይለየዋል፤ በዚህ አሠራር ማማኑን የኮረጀ ተማሪ ዕዳውን በፈተናው ቀን ይከፍላል።

ይህ ሚዛን የተናጋው በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ሁሉ ወደ ዙም በተዛወሩ ጊዜ ነው። በሮቫ ቴት ቫቭ ባለ አንድ አፓርታማ ውስጥ የቤት ፈተና ምን እንደሚመስል ለማያውቀው ሰው ልግለጽለት። ተማሪዋ ኮምፒዩተርዋን በመኝታ ክፍልዋ ጠረጴዛ ላይ ታኖራለች፤ ስልክዋን በጎን በኩል በመጻሕፍት ቊልል ላይ አስደግፋ እጅዋንና ወረቀትዋን እንዲያሳይ ታቀናዋለች፤ ተዑዳት ዜሁትዋን (መታወቂያዋን) ለካሜራው ታሳያለች፤ ታናናሾችዋ ድምፅ እንዳያሰሙ ይነገራቸዋል፤ እናትዋም የቡናውን ሙቀጫ ወደ ጎን ታደርጋለች። በፈተናው መካከል አያትዋ ከበሩ ማዶ ሆነው በአማርኛ «ልጄ፣ እህል ቀመስሽ ወይ?» ቢሉ፣ ተቈጣጣሪው በማያውቀው ቋንቋ መልስ ተነገራት ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ሰፊ ቤትና የብቻ ክፍል ያለው ተማሪ ይህ ሥጋት የለበትም፤ ካሜራው ሌባውን ለመያዝ ሲተከል በመጀመሪያ የሚያስጨንቀው በጠባብ ቤት ብዙ ሆኖ የሚኖረውን ንጹሕ ቤተሰብ ነው።

የአገራችን የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ትምህርቱም የሚያስተምር ነው። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ የትምህርት ሚኒስቴር የጥራት ጒድለት አለ በማለት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ በኋላ ግን በቊጥጥር እንዲቀጥል ፈቅዷል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ በመሠራጨቱ ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። ከዚያም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ተፈታኞችን ሁሉ ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሰብስቦ ቢፈትን፣ ከ896 ሺህ ከሚበልጡት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ውጤቱ ልብ የሚሰብር ቢሆንም ለብዙ ዓመት የተሸፈነውን ቊስል ገልጦታል፤ ልጁን ሲያስኮርጁት የኖሩት ሁሉ የረዱት መስሏቸው አሳልፈው ሰጥተውታልና። በከፍተኛ ትምህርትም በዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያና በቴሌግራም የመመረቂያ ጽሑፍ «እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች የተለመዱ ሆነዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን በበይነ መረብ ኮዲንግ ለማስተማር የተጀመረው መርሐ ግብር በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሚሊዮን የሚቈጠር ሰርተፊኬት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ከዕውቀቱ እንዳይቀድም መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ሰው ለምን ይኮርጃል? ስንፍና ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ቀን ጥበቃ ወይም ፋብሪካ ሠርቶ ማታ የሚማር ሰው ጊዜ ያጣል፤ ጊዜ ሲያጣ ይፈራል፤ ሲፈራም አቋራጩን ያያል። የትምህርቱ ቋንቋ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ ያለው አነጋገር ከእርሱ አነጋገር የበለጠ ስለሚመስለው በራሱ ቃል ያፍራል። ምንጭን መጥቀስ እንዴት እንደሚሠራም ማንም በሥርዐት ሳያስተምረው ዩኒቨርሲቲ የሚደርስ ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው ጽሑፉን አንብቦ «ይህን እንዴት አሰብኸው?» የሚለው ሰው እንደሌለ ሲያውቅ፣ ለማንም የማይጽፍ ይመስለዋል፤ አንባቢ ለሌለው ጽሑፍም መድከም ከንቱ ሆኖ ይታየዋል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በደሉን ለማቅለል ሳይሆን መድኃኒቱ በሽታውን እንዲያገኘው ነው።

እስከ ዛሬ የተሞከሩት መድኃኒቶች ሦስት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ተርኒቲን የመሳሰለ፣ የቀረበውን ጽሑፍ ከተከማቸው ጋር እያስተያየ ተመሳሳዩን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ይህ ቃል በቃል የተገለበጠውን በሚገባ ይይዛል፤ ነገር ግን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ተመልሶ የተወሰደውን ለማግኘት ይቸገራል፤ ለዚያ ተማሪ ብቻ አዲስ ተጽፎ የተሸጠውንም ከማንም ጋር ስለማይመሳሰል ያልፈዋል። ናይሮቢ ውስጥ በእንግሊዝና በአሜሪካ ላሉ ተማሪዎች ድርሰት እየጻፉ የሚተዳደሩ የተማሩ ወጣቶች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ የሚሸጡት አዲስ ጽሑፍ ነው፣ ሐሰቱ ያለው በስሙ ላይ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ሕግ ነው። ኒው ዚላንድ በ2011፣ አየርላንድ በ2019፣ አውስትራሊያ በ2020፣ እንግሊዝም በ2022 ድርሰት ለተማሪ መሸጥን በሕግ ከልክለዋል። ሻጩን መያዝ ፍትሕ ነው፤ የተቸገረውን ተማሪ ብቻ ቀጥቶ በችግሩ የሚነግደውን መተው ሚዛን አይደለምና። ሆኖም ሻጩ በሌላ አገር ሲቀመጥ የሕጉ ክንድ አጭር ይሆናል። ሦስተኛው መድኃኒት ካሜራና ክትትል ሲሆን፣ በነሐሴ 2022 በአሜሪካ ኦሃዮ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከፈተና በፊት ተማሪው የመኝታ ክፍሉን በካሜራ እንዲያሳይ ማድረጉ የግል መብቱን የሚነካ ነው ብሎ ፈርዷል።

በኅዳር ወር መጨረሻ 2022 ቻትጂፒቲ በወጣ ጊዜ ይህ ሁሉ መድኃኒት ባንድ ጊዜ ደከመ። ማሽኑ የሚጽፈው ከየትም ያልተገለበጠ ይመስላል፤ ዋጋውም ከናይሮቢው ጸሓፊ ይልቅ ይረክሳል። ማሽን የጻፈውን በማሽን ለመለየት ብዙ መሣሪያዎች ቢወጡም፣ የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ በሐምሌ 2023 ተወው። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ቢፈትኑ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች ለቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ 61 ከመቶ የሚሆኑት በማሽን የተጻፉ ናቸው ተብለው በሐሰት ተፈረደባቸው፤ አሜሪካውያን የስምንተኛ ክፍል ልጆች የጻፉት ግን ከሞላ ጎደል ያለ ነቀፋ አለፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ ሰው ቀላልና የተለመዱ ቃላትን ይመርጣል፣ ማሽኑም እንዲሁ። ይህ ነገር በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ የዓሊያ ልጆች ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ማሰብ አያዳግትም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ምስክርነት ብቻ ማንም ተማሪ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሊቆም፣ ይልቁንም ሊፈረድበት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ ድርሰቱ የማን እንደ ሆነ የሚያስታውቀው መሣሪያ ሳይሆን ትውውቅ ነው። የበይነ መረብ ትምህርት ርቀቱን ሲያሸንፍ ትውውቁን አጠፋ፤ ኩረጃውም የበቀለው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። የቅኔ ቤቱ ሥርዐት እንደ ጥንት ጌጥ የሚወደስ ብቻ አይደለም፤ በዙምም ሊሠራ የሚችል ነው። አንድ መምህር ዐሥር ገጽ ከተቀበለ በኋላ ተማሪውን ለዐሥር ደቂቃ በዙም ጠርቶ «ሁለተኛውን ምክንያት ለምን ከመጀመሪያው አስበለጥኸው? ይህን መጽሐፍ ስታነብ ያልተስማማህበት ምን ነበረ?» ቢለው፣ የራሱን የጻፈ በተበላሸ ዕብራይስጥም ቢሆን ይመልሳል፤ የሰው የወሰደ ግን በጠራ ቋንቋ የተጻፈውን ወረቀት ይዞ ዝም ይላል። ቃሉ የሚሰናከልበት ነገር ግን የሚያውቅ ተማሪም በዚህ መንገድ ከሐሰት ጥርጣሬ ይድናል። እንደዚሁም አንድ ትልቅ ጽሑፍ በመጨረሻ ከመጠየቅ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ማስጻፍ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅና የታረመውን አብሮ መቀበል፣ ተማሪውም ከራሱ ከተማና ከራሱ ቤተሰብ ታሪክ ምሳሌ እንዲያመጣ ማድረግ መምህሩን ከተማሪው ድምፅ ጋር ያስተዋውቀዋል።

ይህ ወጪ ይጠይቃል፤ አንድ መምህር አምስት መቶ ተማሪ ተሸክሞ እያንዳንዱን ሊያውቅ አይችልምና። በኢትዮጵያም በእስራኤልም የትምህርት ባለ ሥልጣኖች የበይነ መረብ ትምህርትን ርካሽ ትምህርት አድርገው እስካዩት ድረስ፣ ያዳኑትን ገንዘብ በማዕርጉ መዋረድ ይከፍሉታል። ምንጭን ማክበርም ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቅጣት ከመድረሱ በፊት፣ እንደ ሒሳብና እንደ ሰዋስው በልምምድ ሊሰጥ ይገባል።

ለወላጆችና ለተማሪዎችም የምለው አለኝ። ልጆቻችሁ የሚጽፉትን ዕብራይስጥ ባታነቡት እንኳ፣ ማታ በማዕድ ላይ «ዛሬ የጻፍኸውን በአማርኛ ንገረኝ» ማለት ትችላላችሁ፤ በሌላ ቋንቋ ሊያስረዳው የቻለውን ነገር ልጁ በእርግጥ ያውቀዋል። አንተ ተማሪ ሆይ፣ አንቺም ተማሪ ሆይ፣ በሰው ወርቅ አይደምቁ ያሉት አባቶች ያወቁትን እወቁ። በሆስፒታል የተኛ በሽተኛ፣ በድልድይ ላይ የሚያልፍ መንገደኛ፣ በፍርድ ቤት የቆመ ድኻ ወረቀታችሁን አምኖ ሕይወቱን ይሰጣችኋል፤ ያን ጊዜ ከእናንተ የሚጠየቀው በራሳችሁ አእምሮ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የተሰባበረ ዐረፍተ ነገር ይታረማል፤ ዝቅተኛ ነጥብ በሌላ ሴሚስተር ይካካሳል፤ ያልተማሩትን ተምሬአለሁ ብሎ የወጣ ሰው ግን መማር የሚችልበትን ዘመን ራሱ ዘግቶታል።